አምስት ሽማግሌ በአንድ ካሜራ

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ለሰው ብናገር ይሳቅብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ልፈነዳ ነው። ዝም ማለት መች ለምጄ! ስለዚህ ለወረቀት ልንገረው። ትናንት ሽማግሌ መጣ። ለልጄ ለሀናን አይደለም፤ እሷ አዳማ ሥራዋ ላይ ናት። ለእኔ ነው! ለእኔ ለሰዓዲያ፣ ባሌን ሱፊያንን ከቀበርኩ ወዲህ ከሱቅ ወደ ቤት ከቤት ወደ ሱቅ ስል ለኖርኩት ሴትዮ!

ላኪው ኑዕማን ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ ፎቶ ቤት ያለው። አምና ለንግድ ፈቃድ ፎቶ ልነሣ ሄጄ «እኅቴ፣ አይሳቁ፤ መሥሪያ ቤቱ ጥርስ አይቀበልም» ሲለኝ ጊዜ የባሰ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ረጅም ነው። ረጅም እንኳ አይደለም። ምንም አልነበረም።

አባታችን ስለሌለ ለጋብቻዬ እሺ የሚለው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጠሀ ነው። እሱ ያለው ወራቤ ነው፤ ዳሌው ተሰብሮ ብረት ገብቶለት መኪና ላይ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መሪ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም እኔ ቤት ተቀምጠው በስልክ ቪዲዮ ሊያናግሩት ሆነ። ወይ ስልክ! ከእጅ እጅ ሲዞር ጋሼ መጀመሪያ ጣሪያዬን አየ፣ ቀጥሎ የሽማግሌዎቹን አለቃ የሐጂ ይማምን የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ መጋረጃዬን። «ሽማግሌ ነው ወይስ ጣሪያ ነው የላካችሁብኝ?» አለ። «አምስቱንም በአንድ ምስል፣ ተደርድረው፣ ከነጉልበታቸው ካላየሁ አላናግርም። እኅቴን ለጣሪያ አልድርም!»

እኔ እንኳ «እንደፈለግክ ጋሼ፣ ለእኔ ምንም አይደለም» ብዬዋለሁ። ምንም አይደለም። ምሳ ግን አልወረደልኝም።

ጥር 1፣ ዓርብ

ካሜራ አገኘሁ! ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ዓይኗ እንደ ጫጩት ዓይን ክብ የሆነች። ኑዕማን ነው ያዋሰኝ። የሱቄን ኮምፒውተር ወደ ቤት አውጥቼ ከቴሌቪዥኑ ጋር ላገናኘው ነው። ሽማግሌዎቹ ጋሼን በትልቁ ያዩታል፣ እሱም አምስቱን በአንዴ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ምንድን ነው የተጫነው?» አለኝ።

«ኡቡንቱ። ከፕላስቲክ ዕቃው ጎን ፕሪንትም ስለማወጣ የደንበኛ ፍላሽ እየተሰካ ቫይረስ ሲያስቸግረኝ፣ ልጄ ናት በዊንዶውስ ፈንታ የጫነችልኝ።»

«እኔም ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው!» አለ፤ የአገሩን ልጅ ያገኘ ይመስል።

ካሜራዋ ማይኳ በውስጧ ነው። ምስልም ድምፅም በአንድ ገመድ። ሀናን ደውዬ ስነግራት «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው እማ» አለችኝ።

ጥር 4፣ ሰኞ

የአምስት ደቂቃ ሥራ!

ሰካኋት፤ አልበራችም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ጠረግኳት። ቢስሚላህ አልኩ። ምንም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ወርቅውሃ ከገና የተረፈ ድፎ ይዛ መጥታ «አፍራብሽ ይሆናል፣ ዓይኗን ጨፍናለች» ትለኛለች።

ለኑዕማን ደወልኩ። ጥቁሩን መስኮት አስከፈተኝ፤ ተርሚናል የሚሉት፣ ፊደል ብቻ ያለበት። «የምነግርዎትን ይጻፉ» ብሎ ፊደል በፊደል ነገረኝ። ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ ሁሉ ዘረዘረ። ማውዝ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ፕሪንተር አለ። ካሜራ የለም።

«የት ነው የሰኩት?»

«የዩኤስቢ ማከፋፈያው ላይ፣ ከፕሪንተሩ አጠገብ።»

«ኃይል አይደርሳትም። ከኋላ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ይሰኳት።»

ከኋላ ሰካሁ፤ በራች! ወርቅውሃ እልልታዋን አቀለጠችው። ፎቁ ሙሉ በር ከፍቶ ወጣ። «ምን ተገኘ?» ይላሉ። «ካሜራ» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ጥር 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ምስሉ ጥቁር። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሱቅ ባልዲ የሚያማርጡ ሴቶች ቆመዋል።

ከሱቅ መልስ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ትናንት የትኛው ሻርፕ እንደሚሻል ለማየት ብዬ የከፈትኩት የካሜራ ፕሮግራም ሳይዘጋ ቀርቶ ካሜራዋን ይዟታል። «አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ የምትሆነው ለአንድ ፕሮግራም ነው» አለኝ ኑዕማን በስልክ። ወርቅውሃ ከጎኔ ሽንኩርት እየላጠች «ጨዋ ናት ማለት ነው» አለች። ሰምቷት ኖሮ ሳቀ።

ወርቅውሃ ሁልጊዜ ከጎኔ ናት፤ ይህን ልጻፈው። በሩም ክፍት ነው። የምንሠራው የመሣሪያ ሙከራ ነው።

ጥር 8፣ ዓርብ

ምስል መጣ! መስኮቱ ከኋላዬ ስለነበር መጀመሪያ ፊቴ ከሰል መስሎ ታየ። ጠረጴዛውን አዞርኩት፤ አሁን በእንጦጦ በኩል ያለው ብርሃን ፊት ለፊቴ ነው። ኑዕማን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥኔን ሞላው። ሸሚዙን ተኩሷል። ለሙከራ ሸሚዝ መተኮስ ምን ያደርጋል? እኔ አረንጓዴውን ሻርፕ ያደረግኩት ቅርብ ስለነበረ ነው።

የእሱ ድምፅ ይመጣል። የእኔ አይሄድም። ብዙ አውርቼ ነበር፣ ኧረ በጣም ብዙ! «ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዎ ግን የለም» አለኝ። ሀናን ብትሰማ «እማን ዝም የሚያሰኝ ተገኘ!» ትል ነበር።

ጥር 10፣ እሑድ

ድምፅ! ድምፅ መጣ! ኮምፒውተሩ ለካ የሚያዳምጠው በሌላ ጆሮው ነው፤ ከኋላው ባለች፣ ማንም ምንም ባልሰካባት ቀዳዳ። ሴቲንግ ገብተን የካሜራዋን ማይክ መረጥን። ከዚያ በጥቁሩ መስኮት አልሳሚክሰር የሚባል ገጽ አስከፈተኝ፤ እንደ ቴርሞሜትር የቆሙ ዘንጎች አሉበት። በካሜራዋ ዘንግ ላይ ሆኜ ስፔስ የሚባለውን ረጅሙን ቁልፍ ስነካ ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ቀዩ ካለ ይሰማል፤ ቀዩ ከጠፋ ማይኩ ደንቆሮ ነው። ሴቲንጉ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፤ ስናገር ትዘላለች፣ ዝም ስል ትተኛለች።

«ይሰማል?»

«ይሰማል። እስኪ ይናገሩ።»

«ምን ልበል?»

«ምንም ይሁን። ብቻ ይናገሩ።»

ስለ ባልዲ ነገርኩት። የትኛው ፀሐይ ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እጀታው እንደሚከዳ፣ ክዳን ያለው ለምን ቶሎ እንደሚሸጥ። አልሰለቸውም። መስመሯ ስትዘል ዋለች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት የሚቀጥለው እሑድ ነው።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ወርቅውሃ የካ ሚካኤልን ልትሸኝ ሄዳለች። መንገድ ዝግ፣ ሱቅ ጭር ያለ። ዛሬ አልሞከርንም። መሣሪያም ማረፍ አለበት።

ቀኑ እንዴት አይመሽም?

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሞከርን። ይታያል፣ ይሰማል። ሀናን ደውላ «እስካሁን አልተሠራም እንዴ?» አለችኝ።

«ተሠርቷል። መሣሪያ ግን በየቀኑ ካልተሞከረ አይታመንም።»

«እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች።

«ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። እኩያዬን የማናግር መሰለኝ።»

ወርቅውሃ ደግሞ «የቤቴን ሽንኩርት ጨርሻለሁ፤ ለነገው ሙከራ ምን ልላጥ?» ትላለች። ሥራ ፈት!

ጥር 16፣ ቅዳሜ

የመጨረሻ ሙከራ ነበር።

«ነገ ሽማግሌ ሲቀመጥ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

«መኝታ ቤት ሆኜ ዝም እላለሁ።»

«ትችያለሽ?»

እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ ጎኔን ወጋኝ። በዚህ መሀል ደረጃው ላይ የሐጂ ይማም ድምፅ! መቀመጫውን አስቀድመው ሊያዩ መጥተዋል። ተጠያቂዋ ሴት ጠያቂውን በቴሌቪዥን ዘርግታ ስትስቅ! ኑዕማን የሐጂን ድምፅ ሰምቶ በልማዱ «አሰላሙ አለይኩም» እንዳይል በተከፈተው ጥቁር ገጽ ላይ ረጅሙን ቁልፍ መታሁት፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ ባልዲ አንሥቼ ቆምኩ። ሐጂ ሶፋውን በክንዳቸው ለክተው «ማሻአላህ፣ ሁሉ ዝግጁ ነው» ብለው ሄዱ።

ሁሉ ዝግጁ ነው።

ጥር 17፣ እሑድ

አልሐምዱሊላህ! ጋሼ እንዴት አድርጎ አከበደው! በእኛ ወግ የሴቷ ወገን እንዲሁ ቶሎ እሺ አይልም፤ ይቆጣል፣ ያስለምናል፣ «ሂዱና ተመለሱ» ይላል። እኔ በመኝታ ቤቱ በር ቀዳዳ እያየሁ ልቤ በኩራት አበጠ።

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አለ ጋሼ።

ሐጂ ይማም ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሚያምር አነጋገር ስለ ኑዕማን አስረዱ።

«መልስ የላችሁም?» አለ።

ሐጂ ደስ አላቸው። «ወግ አዋቂ ነው!» ብለው ከጎናቸው ላለው ሹክ አሉና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«መናገር ከከበዳችሁ ለምን መጣችሁ?»

አምስቱም ተነሥተው እጅ ነሡ።

«ጭራሽ ተነሡ? ትታችሁኝ ልትሄዱ ነው?»

«አያችሁ እንዴት እንደሚያከብድ!» ይላሉ ሐጂ፤ ዓይናቸው በደስታ እንባ አቅርሯል። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ጋሼ ዘጋው። ሽማግሌዎቹ እየተመራረቁ ወረዱ። አንዱ ደረጃው ላይ «ይህችማ የተከበረች ሴት ናት» ሲል ሰማሁት። እኔን ነው!

ጥር 18፣ ሰኞ

ጋሼ ደወለ።

አልሰማቸውም። አንዲት ቃል አልሰማም! ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ድምፅ የለም። እርስ በርስ እየተንሾካሾኩ የሚስቁበት መስሎታል። «አንካሳ ነው ብለው ናቁኝ» አለ። «እኔ ጠይቄ፣ እነሱ ተነሥተው እጅ ነሥተውኝ ሄዱ! ነገሩ ተዘግቷል።»

«ጋሼ፣ መሣሪያው ነው…»

«ምስሉ እየመጣ ድምፁ ብቻ ወዴት ይሄዳል? በአንድ ገመድ ነው ያልሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም?»

ሐጂ ይማም ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ እየዞሩ የጋሼን አከባበድ ያወራሉ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ኑዕማን ጥቁሩን ገጽ አስከፈተኝ።

«ቀይ ጽሑፉ አለ?»

የለም።

«ቅዳሜ ነበር እኮ። ማን ነካው?»

እንግዲህ ማን እንደነካው አላህ ያውቃል። ኮምፒውተር ነው፤ ስንት ነገር ይሆናል። «እኔ እንጃ» አልኩት። «እኔም ቅዳሜ በጣም አስቄሻለሁ» አለ። ይህ ከምን እንደተያያዘ አልገባኝም።

እራት አልበላሁም። ምነው እጄን በቆረጠው!

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሀናን «ምስሉን በኮምፒውተር፣ ድምፁን በስልክ አድርጉት» ብላ መከረችን። ከወርቅውሃ ጋር ሞከርነው። ስልኩ ቴሌቪዥኑን ሲሰማ፣ ቴሌቪዥኑ ስልኩን ሲሰማ፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ተውነው።

ሱቅ በር ላይ ሁለት ሴቶች «በዚህ ዕድሜዋ» ሲሉ ሰማሁ። ስገባ ባልዲ ጠየቁ። እጀታው የሚከዳውን ሰጠኋቸው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

የጋሼ ሚስት እቴ ፋዲላ ትባረክ! ለምና ለምና ስልኩ ፊት አስቀመጠችልኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተቀመጠው።

«ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ። ዳሌዬ ነው የተሰበረው።»

«እሺ፣ ቀና ብለህ እየኝ።»

ቁልፉን ነካሁ፤ ቀዩ ጠፋ። እኔ ግን መናገሬን አላቆምኩም። ጋሼ መጀመሪያ ጠበቀ። ከዚያ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ «ሰዓዲያ! ሰዓዲያ! ፋዲላ፣ ይህች ልጅ ምን ሆነች?» ይል ጀመር። እኔ ቀጠልኩ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ለሰው ብዬው የማላውቀውን ሁሉ አልኩ። ቤቱ ማታ እንዴት እንደሚሰፋ እንኳ ነገርኩት። ሲያልቅልኝ ቁልፉን መልሼ ነካሁ።

«ይኸው ጋሼ። ሽማግሌዎቹም እንዲህ ነበሩ። ይናገሩ ነበር።»

ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ምን ነበር ያልሽው?»

«ስለ ባልዲ ነው።»

«ባልዲ ያስለቅሳል?»

ሽንኩርት ነው፣ ወርቅውሃ አጠገቤ እየላጠች ነው አልኩት። ወርቅውሃ ዛሬ የያዘችው ጎመን ነበር።

«ከረመዳን በፊት አንድ ጊዜ» አለኝ ጋሼ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ያም ከተበላሸ አላህ አልፈቀደውም ብዬ እተወዋለሁ። ደግሞ ሼሁ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ለልጃገረድ ዝምታዋ ይበቃታል፤ አግብታ የምታውቅ ሴት ግን በአፏ መናገር አለባት። ድምፅሽን ይሰማሉ።»

ይህማ ቀላል ነው! እኔ ለመናገር?

የካቲት 1፣ እሑድ

ለሐጂ ይማም እውነቱን ነገርኳቸው። «ለካ ከልቡ ነው የተቆጣው?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እኔ እኮ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም!»

ኑዕማን ደወለ። «ካልሆነስ?» አልኩት። «ካልሆነ ፎቶሽን መስታወቱ ላይ እሰቅለዋለሁ። ጥርስ ያለውን» አለ። ጥርስ ያለውንም አስቀምጦታል ማለት ነው!

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ቀዩ አለ። ካሜራዋ ማከፋፈያው ላይ አይደለችም። ሌላ ፕሮግራም አልተከፈተም። ጠረጴዛው በብርሃኑ በኩል። ኪቦርዱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ሰው እጅ እንዳይገባ። የማንም እጅ።

መብራት አትጥፋ ብቻ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ጽሑፌ ከተበላሸ ከሳቅ ነው።

መብራት አልጠፋም። አምስቱ ሶፋው ላይ ከነጉልበታቸው ተደረደሩ። ሐጂ ተናገሩ፣ ጋሼ ሰማ! «ጮክ አይበሉ ሐጂ፣ እዚሁ ጉያዬ ያሉ ይመስላል» አለ። ከዚያ በወጉ አከበደ፤ ግን እያየሁት ጢሙ ሥር ፈገግ ይላል። በመጨረሻም «እሺ» አለ። በገዛ አፉ! ኒካሁን እዚህ እንዲያስሩለትም ለሐጂ ይማም ውክልና ሰጣቸው። ሼሁም ከጋሼ ጎን ሆነው እኔን ጠሩ።

ሄጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰዓዲያ፣ ኑዕማንን ለባልነት ወደሽና ፈቅደሽ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም።

እኔ! ስለ ባልዲ ቀኑን ሙሉ የማወራው!

«ጠፋ!» አለ ጋሼ ከወራቤ። «አሁንም ጠፋ!»

«የእኔ ድምፅስ ይሰማል?» አሉ ሐጂ።

«የእርስዎማ ይሰማል፤ የማይሰማው የእሷ ነው!»

«ማይኩ ርቋት ነው!» አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ካሜራዋን አፌ ሥር ደቀናት። ጋሼ «አሁን ደግሞ አገጭ ብቻ ነው የሚታየኝ!» ይላል። ወርቅውሃ ከማድ ቤት «ሴቲንጉን እዩት!» ትላለች። ሌላው ቴሌቪዥኑን ይመታል። እኔ መስመሯን አያታለሁ። ሐጂ ሲጮኹ ትዘላለች፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ትተኛለች። ማይኩ ምንም አልሆነም። ጉሮሮዬ ነው። ይህን ለማንም መንገር አልችልም፤ ለመንገርም ድምፅ ያስፈልጋል!

«ነቅለን እንሰካው» አሉ ሐጂ ይማም። «የእኔ ቤት ቴሌቪዥን የሚድነው እንዲያ ነው።» እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ኋላ ሰደዱ። ገመዷን ያዙ።

«ሐጂ፣ አይንቀሉት!»

እኔ ነኝ የጮህኩት።

«ይሠራል! ተዉት! ወድጄ ነው! ወድጄም ፈቅጄም ነው! ወድጃለሁ!»

መስመሯ እስከ ጫፍ ሄዳ ቀላች። ወራቤ ላይ ጋሼ ሁለት ጆሮውን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ እቴ ፋዲላ ስትስቅ ስልኩን ጣለችው፣ ምስሉ ጣሪያ ብቻ ሆነ። ከጣሪያው ውስጥ የሼሁ ድምፅ መጣ።

«አንዴ ይበቃ ነበር።»

ኒካሁ ማክሰኞ ነው፤ የረመዳን ጨረቃ ካልቀደመችን።

አሁን ኑዕማን ደወለ። ሐጂ ሁሉንም ነግረውታል። «ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ አልሰማሁም» አለኝ። «ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ቀስ ብዬ።